የእሜቴ ታኮ

ከዳገቱ ግርጌ ያለውን የተዘጋ መጋዘን ግድግዳ ጥሳ ገብታ ስትገኝ ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ነበር። አሮጌ የመስክ መኪና ናት፤ ሰፈርተኛው «እሜቴ» ይላታል። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ አባርቶ አስፋልቱ ገና አልደረቀም። መሪው ላይ የተደፉት ባለቤቷ ናቸው። ጡረታ የወጡ የመንገድ ቀያሽ፣ ሰባ ዓመት ገደማ፤ ከኪሳቸው የመለኪያ ሜትር ጠፍቶ ስለማያውቅ ሁሉም «ጋሽ ሜትር» ነበር የሚላቸው። እኔ ስደርስ ነፍሳቸው ከወጣች ቆይታለች።

እኔ መርማሪ ነኝ። መሥሪያ ቤት ውስጥ «ችኮ» ይሉኛል፤ የሰደቡኝ ሲመስላቸው ደስ ይለኛል። እንደ ልማዴ ደብተሬን አውጥቼ ያየሁትን ሁሉ ጻፍኩ። ማርሹ ፍሪ ላይ ነው። እጅ ፍሬኑ ወርዷል። አስፋልቱ ላይ የጎማ ጭረት የለም። ከኋላ ያለው ዕቃ ጃንጥላ፣ ክሪክ፣ የጎማ መፍቻና ባዶ ጀሪካን ነው፤ ሌላ የለም። በመጨረሻ ተንበርክኬ በጎማዎቹ ቀዳዳ ወደ ውስጥ አየሁና አንዲት መስመር ጨመርኩ። «የፍሬን ዲስኮች፦ አራቱም ዝገት የለበሱ።»

ይቺን መስመር የጻፈውን እጄን ከሰዓት በኋላ ልቆርጠው ምንም አልቀረኝም።

ከዳገቱ አናት፣ ከጋሽ ሜትር ግቢ ፊት ለፊት፣ ጎረቤታቸው በር ላይ ቆሞ ያለቅሳል። የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ነው፤ ትልቅ ሰው፣ እጁ እንደ አካፋ የሰፋ።

«ምን አዩ ጋሼ?» አልኩት።

«ምን ያላየሁት አለ ልጄ! መስኮቴ ላይ ቆሜ ጥርሴን እየፋቅኩ ነበር። እንደ ልማዱ ወጣ። ታኮዋን ከጎማዋ ሥር አነሳ፣ ከኋላ ወረወራት፣ ገባ፣ ነዳ። ከበሩ እንደወጣ መኪናዋ ቁልቁል ፈረጠጠች። ፍሬን ደጋግሞ ሲረግጥ ትከሻው ከፍ ዝቅ ሲል ይታየኛል። እምቢ አለው! ፍሬኑ እምቢ አለው እኮ!» ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «ሠላሳ ዓመት ጎረቤቴ ነው። ወንድሜ ነበር።»

ታኮ ጎማ ሥር የሚደገፈው ድንጋይ ነው፤ መኪና እንዳይንሸራተት። እጅ ፍሬኑ የማይታመን መኪና ያለው ሰው ሁሉ አንድ አለው። እኔም አለኝ፤ ምን ያስደብቀኛል።

ሦስት ሰዓት ሳይሞላ አለቃዬ ነገሩን ጨርሰውት ነበር። መሥሪያ ቤቱ ከኋላቸው «አቶ ይዘጋ» ይላቸዋል፤ ለምን እንደሆነ ትሰማላችሁ።

«ፍሬኑን ማን ሠራላቸው?»

«ከዳገቱ በታች ጋራዥ ያላት ሴት። ማክሰኞ ነው የጨረሰችው። የድሮውን የታምቡር ፍሬን ከአራቱም ጎማ አውጥታ በዲስክ ቀይራለች።»

«በዲስክ? በዝገት በለኝ እንጂ! ማስታወሻህ ላይ ጽፈኸው የለም እንዴ? የወደቀ ዕቃ ለቃቅማ ገጠመችላቸው፣ በሦስተኛው ቀን ፍሬን በጠሰ፣ ሰው ሞተ። አምጥተናታል፤ ታች ናት። እስከ አሥር ሰዓት ፈርምና ይዘጋ።»

«ሐኪሙ ደውሎልኛል። ምቱ ከኋላ ነው፤ ከማጅራታቸው በላይ።»

«ግድግዳ የመታ ሰው ወዲያ ወዲህ ይላጋል። አንተ ደግሞ! ይዘጋ አልኩ።»

ሳልከራከር ከቢሯቸው ወጣሁ። ዝገት ብሎ የጻፈው እኔው ነኝ።

የጋሽ ሜትርን ልጅ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። የሰፈሩ ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት። ዓይኗ አብጧል፤ ድምፅዋ ግን አይንቀጠቀጥም።

«እህቴ፣ አባትሽ የሚጣሉት ሰው ነበር?»

«አባቴ ሰው አያስቀይምም ነበር። በሜትር ጉዳይ ግን አይዋሽም። ከትምህርት ቤቱ በላይ ያለው የድንጋይ ግንብ በየወሩ እየተጋደመ ነው ብሎ ራሱ ይለካው ነበር። የሆነ ሰው ደግሞ ግንቡ ደህና ነው ብለህ ፈርም እያለ አስጨንቆታል። እምቢ አለ። ማን እንደሆነ ስጠይቀው፣ አያገባሽም ብሎ ዘጋኝ። ዛሬ ጠዋት የለካበትን ደብተር ለትምህርት ቤቱ ሊያስረክብ ነበር።»

«ደብተሩን የት ነበር የሚይዙት?»

«ደረት ኪሱ ውስጥ። ሌላ ቦታ አስቀምጦት አያውቅም።»

ደረት ኪሳቸውን የፈተሽኩት እኔ ነኝ። እስክሪብቶ ብቻ ነበር።

አለቃዬ ወዳዘዙኝ ምስክር ሄድኩ፤ መለዋወጫ ሻጩ ጋ። ሱቁ ከጋራዧ ጎን ነው። ገና ሳልቀመጥ ጀመረልኝ።

«ነግሬያቸው ነበር! ፍሬን ለሴት ይሰጣል? ባለፈው ሳምንት እዚሁ መንገድ ላይ ምን ብላ እንደጮኸችባቸው ያውቃሉ? ‹በዚህ ፍሬን ከነዱ ይሞታሉ!› ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል።»

«አንተስ ምን አጣላህ ከእሷ ጋር?»

«እኔ? ምንም!»

«ምንም?»

«ለእሜቴ ብላ የወሰደችውን የፍሬን ሸራ ደንበኛ ፊት መልሳ ወረወረችብኝ። አሮጌ ነው፣ ቀለም ቀብተኸው ነው ብላ አዋረደችኝ።»

«ነው ወይስ አይደለም?»

አንገቱን አከከ። ለአንድ አፍታ ሰውዬዬን ያገኘሁ መስሎኝ ነበር፤ ቂም አለው፣ ምላስ አለው፣ ዕቃውም የተጭበረበረ ነው። ግን ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ከሦስት ጫኝና አውራጅ ጋር ሣጥን ሲያወርድ ነበር፤ ሦስቱም ለየብቻ አንድ ነገር ነገሩኝ፤ ጎረቤቱ ዳቦ ጋጋሪም አይቶታል። እሜቴ ላይ የተገጠመውም የእሱ ሸራ አይደለም። ምላሱን ትቼለት ወጣሁ።

የጋራዧን ባለቤት ሰፈሩ «ፍሬኗ» ይላታል። አርባ አምስት ዓመት ይሆናታል፤ አጭር ናት፤ ጥፍሯ ውስጥ ያለው ቅባት ከእሷ ጋር ያረጀ ነው። መሥሪያ ቤት ተመልሼ ታች ስወርድ እጇ በካቴና ታስሮ አግዳሚው ላይ እንደ ቤቷ ተቀምጣለች።

«‹ይሞታሉ› ብለሽ ጮኸሽባቸዋል?»

«ጮኼአለሁ! ዛሬም እጮሃለሁ። ያቺ መኪና ከባድ ናት፣ ጉልበቷም የትየለሌ ነው። የድሮው ታምቡር ግን ቁልቁለት ላይ ሲሞቅ ይለግማል፣ ውሃ ሲነካው ይንሸራተታል። ሁለት ዓመት በለሆሳስ ነገርኳቸው፤ ሳቁብኝ። ጮኼ ስነግራቸው በነጋታው ሰኞ አመጧት። ምን ላድርግ፣ በሹክሹክታ ይሙቱ?»

«አዲስ ዲስክ ነው የገጠምኩት ብለሻል። ዝጓል። በዓይኔ አይቻለሁ።»

ሳቀች። እውነተኛ ሳቅ፣ ከሆዷ። እስረኛ እንዲህ ሲስቅብኝ የመጀመሪያዬ ነው።

«ምን ዓይነት ዝገት? ቡናማ፣ ቅርፊት የሠራ? ወይስ ብርቱካንማ፣ በጣት ሲነኩት የሚለቅ?»

«ብርቱካንማ መሰለኝ።»

«መሰለኝ! እኔን በ‹መሰለኝ› ነው ያሳሰርከኝ?»

ደብተሬን ገለጥኩ፤ ቀለሙን አልጻፍኩትም።

«ስማኝ ወንድሜ። አዲስ ዲስክ ራቁቱን ያለ ብረት ነው። ዝናብ ካደረበት ጠዋት ስስ ዝገት ይለብሳል። ማንም መካኒክ ጠይቅ። ፍሬን ስትረግጥ ሸራው ዲስኩን ጨብጦ ይጠርገዋል፤ ከሰፈርህ ሳትወጣ መስታወት ይሆናል። አራቱም ላይ ዝገቱ ካለ፣ ዛሬ ጠዋት ያንን ፔዳል የረገጠ እግር የለም።»

«ረግጠውት እምቢ ብሏቸው ይሆናል።»

«አራቱም በአንዴ? የፊቱና የኋላው መስመር ለየብቻ ነው። አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይይዛል። ፊቷ ግድግዳ ስትመታ ተጨፍልቋል፤ ይሁን። የኋላዋ አለልህ። ሂድና ሞክረው። ካልያዘ እኔው በእጄ እፈርማለሁ፤ ነፍሰ ገዳይ ነኝ ብዬ። ከያዘ ግን፣» አለችና ካቴናውን አንስታ አሳየችኝ፣ «ይህን አንተ ራስህ ትፈታዋለህ።»

«ተጠርጣሪ ማስረጃ አይነካም!» አሉ አለቃዬ።

«አትነካም። እኔ ነኝ የምነካው። እሷ ትናገራለች።»

«ትእዛዝ እየጣስክ ነው፣ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። እሱንም ይጻፉት።»

እሜቴ ጫኝ መኪና ላይ ተጭና ስለመጣች ጎማዋ አልተሽከረከረም። ግቢያችን ውስጥ የኋላዋን በክሪክ ሰቀልኩት። ፍሬኗ ካቴናዋን እንዳጠለቀች አጠገቤ ቆመች። ጎማውን በእጄ ሳዞረው ዞረ። ዲስኩ ላይ ብርቱካንማው ዝገት ዙሪያውን ሳይነካ አለ፤ በጣቴ ጫፍ ስነካው ለቀቀ። አፌን በእጄ ያዝኩ።

«አሁን አንድ ሰው ፔዳሉን ይርገጥ» አለች። ግቢው ውስጥ ከእኛ ሌላ አለቃዬ ብቻ ነበሩ። «እርስዎ ይግቡ አለቃ። ፕላስቲክ አንጥፈውበታል፤ ሱፍዎ አይቆሽሽም።»

አቶ ይዘጋ ግራ ቀኝ አዩ። ሰው አለመኖሩን ሲያረጋግጡ ገቡ።

«ቀስ ብለው ይጫኑ፤ ትንሽ ይወርድልዎታል። አዎ። አንተ አዙር።»

ሸራው ዲስኩን ሲልስ ይሰማኛል። ሁለት ዙር አዞርኩ። ሦስተኛው ላይ ዲስኩ ብልጭ አለ፤ በዝገቱ መሐል ብሩህ ቀለበት ወጣ።

«አሁን እስከ መጨረሻው!»

ጎማው ደረቀ። በሁለት እጄ ታገልኩት፣ ትከሻዬን አስደግፌ ገፋሁት፤ ወይ ፍንክች። በሌላው ጎማም እንዲሁ ሆነ።

«ማነው እምቢ ያለው?» አለች ፍሬኗ፤ አሁን አልሳቀችም። «የእኔ ፍሬን እምቢ አላለም። የጠየቀው የለም።»

ካቴናውን ፈታሁላት። አለቃዬ ከወንበሩ ሳይወርዱ «ጎረቤትየው ሲረግጥ አየሁ ብሎ የለም?» አሉ።

«ብሏል።»

«ሽማግሌ ነው፤ ከመስኮት ሆኖ ተሳስቶ ይሆናል። በዚህ ሰው አይከሰስም።»

እውነታቸውን ነው። ቃሉን አውጥቼ ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ ያመለጠኝ ነገር ቢኖር ብዬ። «እንደ ልማዱ ወጣ። ታኮዋን ከጎማዋ ሥር አነሳ፣ ከኋላ ወረወራት...»

«ቆይ፣ ቆይ» አለች ፍሬኗ። «ምኑን አነሳ?»

«ታኮውን። ድንጋዩን።»

«የቱን ድንጋይ?»

ወደ ጠዋቱ ዝርዝር ተመለስኩ። ጃንጥላ፣ ክሪክ፣ የጎማ መፍቻ፣ ጀሪካን። ድንጋይ የለም። ጠዋት በገዛ እጄ ጽፌው፣ ሳነበው ግን ሳላየው ዋልኩ።

«ና» አለችኝ።

ጋራዧ ውስጥ፣ ከመፍቻዎቹ በላይ፣ ረጅም መደርደሪያ አለ። ላዩ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፤ ሃያ ምናምን ይሆናል። አንዱ ጡብ ነው፣ አንዱ የእንጨት ጉማጅ። እያንዳንዱ ላይ በነጭ ቀለም ተጽፎበታል።

«የእኔ ደንብ ነው» አለች። «ፍሬኑን ከነእጅ ፍሬኑ ከሠራሁለት ሰው ታኮውን እቀበላለሁ። ካልሰጠኝ ቁልፉን አልሰጠውም። ድንጋዩ ቤቱ ካለ ፍሬኔን አላመነኝም ማለት ነዋ! ጋሽ ሜትር ግማሽ ሰዓት ተከራከሩኝ። አሥራ ሦስት ዓመት አብሮኝ የኖረ ድንጋይ ነው ብለው።»

ከጫፍ ያለውን አወረደችልኝ። ጥቁር ነው፤ አንድ ጎኑ ተሸርፏል። «እሜቴ፣ ማክሰኞ፣ አርነት ወጣች» ይላል። ጽሑፉ የጋሽ ሜትር ነው፤ ፊደሉ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። 

ወደ ዳገቱ ስመለስ በትምህርት ቤቱ በኩል ዞርኩ። ግንቡ ከመማሪያ ክፍሎቹ በላይ ወደ ፊት አጎንብሷል፤ ለማየት ቀያሽ መሆን አያስፈልግም። ሥሩ ልጆች ገመድ ይዘላሉ። ግንቡ ላይ የሠራው ሰው ሰሌዳ ተሰቅሏል። አነበብኩት። ሁለተኛም አነበብኩት። ጠዋት በሩ ላይ ያለቀሰው ሰው ሥራ ነው።

ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ጎረቤትየው ሳሎኑ ውስጥ አስቀመጠኝ። ከረጢቴን ከእግሬ ሥር አኖርኩ።

«ጋሼ፣ ለፋይሉ ያህል የጠዋቱን አንዴ ይድገሙልኝ።»

ደገመልኝ፤ ቃል በቃል።

«ድንጋዩን ሲያነሱ በደንብ አይተዋል?»

«እንዴ! ስንት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ያየሁትን? ጥቁር፣ አንድ ጎኑ የተሸረፈ። ከኋላ ሲወረውረው ድምፁን ሁሉ ሰምቻለሁ።»

ከረጢቱን ከፍቼ ድንጋዩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። የተሸረፈውን ጎን ወደ እሱ አዞርኩለት።

«ከማክሰኞ ጀምሮ ጋራዥ ውስጥ፣ መደርደሪያ ላይ ነበር። ያንብቡት።»

አነበበ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«ሌላ ድንጋይ ይሆናላ...»

«ጥቁር፣ አንድ ጎኑ የተሸረፈ አሉኝ። ጋሼ፣ ዛሬ ጠዋት እሜቴ ሥር ድንጋይ አልነበረም። መኪናዋን የያዛት አዲሱ እጅ ፍሬን ነው። እሱን ያወረደ ሰው፣ ድንጋዩን ጋሽ ሜትር ቀድመው ያነሱት መስሎት ነው።»

ድንጋዩን በመዳፉ ከፊቱ ገፋው። ከዚያ ያ ሁሉ እንባ የት እንደገባ አላውቅም፤ ዓይኑ ደርቆ፣ አገጩን ቀና አድርጎ ተናገረ።

«አንድ ፊርማ ነው የለመንኩት! አንድ! ግንቡ አሥር ዓመት ይቆማል አልኩት። የሠላሳ ዓመት ወዳጅ አንድ ፊርማ ይነፍጋል? ዛሬ ጠዋት ግቢው ገብቼ እግሩ ላይ ወደቅኩ። ‹ሜትሩን ለምነው፤ እሱ እሺ ካለህ እኔም እሺ› አለኝ። ቀለደብኝ! ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ መኪናዋ ሄደ። መዶሻው በሩ ላይ በቆመችው መኪናዬ ውስጥ ነበር።»

«ከዚያ ወንበሩ ላይ አስቀመጧቸው። ማርሹን ፍሪ አድርገው ለቀቋት።»

«ያቺ መኪና ፍሬን እንደሌላት ያላወቀ ማን አለ? ሁሉም የሚያምነው ነገር ነበር።»

«ማክሰኞ ተሠርቶላታል።»

«አልነገረኝማ። ከተኳረፍን ሳምንታችን ነው።»

ደብተሩን ከመሣሪያ ሣጥኑ ራሱ አውጥቶ ሰጠኝ። ለምን አላቃጠልከውም አልኩት፤ አንተ ማለቴ እንኳ ኋላ ነው የታወቀኝ። «ጽሕፈቱ የእሱ ነው» አለ። «አላስቻለኝም።» ላዝንለት ይገባ ይሆናል። ግንቡ ሥር ገመድ የሚዘሉትን ልጆች ስላየሁ አላዘንኩለትም።

አሥር ሰዓት ላይ አለቃዬ ለፍሬኗ ወረቀት ገፉላት።

«ነፃ ነሽ። ‹ቅሬታ የለኝም› የሚለው ሥር ፈርሚና ሂጂ። ይዘጋ።»

ወረቀቱን አነበበች። መልሳ ገፋችላቸው። «ቅሬታ አለኝ።»

«ተለቅቀሽ የለም እንዴ?»

«ፍሬኔ ሰው ገደለ ተብሎ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰፈር እያየ በካቴና ነው የወሰዳችሁኝ። ነገ ማነው መኪናውን የሚሰጠኝ? በስህተት ነው የታሰረችው ብላችሁ ጻፉ። ማኅተም አድርጉበት። ጋራዤ በር ላይ እለጥፈዋለሁ።»

«ይህ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ወረቀት ጽፎ አያውቅም!»

«ይጀምራ!» አለችና ጠዋት የታሰረችበት አግዳሚ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች፤ እግሯን አነባበረች። «አልሄድም። እሰሩኝ ከፈለጋችሁ። ያኔም እናንተ ናችሁ ያሰራችሁኝ፤ አሁንም እናንተው።»

አለቃዬ እኔን አዩኝ። እኔ ደብተሬን አወጣሁ። «ዝገት የለበሱ» የሚለውን ሰረዝኩ። «ምን ልጻፍ?» አልኳት።

«አዲስ፣ ደህና የተገጠሙ። የዝናብ ዝገት ብቻ። ፍሬኑን የረገጠው የለም በል። ከሥሩ ደግሞ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ በልና ስምህን ጻፍ።»

ጻፍኩ። ስሜንም ጻፍኩ። አለቃዬ ላባቸውን ጠርገው ወረቀቱን አስተካከሉ፤ ማኅተሙንም መቱበት። ፍሬኗ ሁለቴ አንብባው አጠፈችና ደረት ኪሷ ከተተችው።

«አሁን ይዘጋ» አለቻቸው።

በር ላይ ስሸኛት ዞር አለች። «ግቢው ውስጥ ያቺ ሰማያዊ መኪና፣ ድንጋይ የተደገፈላት፣ የማን ናት?»

ምነው ባልጠየቀችኝ አልኩ። «የእኔ።»

«ሰኞ አምጣት።»

ሰኞ ጠዋት ወሰድኩላት። በትምህርት ቤቱ ሳልፍ ግንቡ ሥር ያሉት ክፍሎች ባዶ ነበሩ፤ የጋሽ ሜትር ልጅ የአባቷን ደብተር ይዛ፣ ልጆቹን በሰልፍ ወደ ላይኛው ሜዳ ታስወጣለች። ጋራዧ በር ላይ ወረቀቱ ከነማኅተሙ ተለጥፏል። መለዋወጫ ሻጩ ቆሞ ያነበዋል፤ ሲያየኝ ሱቁ ገባ።

ረቡዕ መኪናዬን ስረከብ ድንጋዬን ተቀበለችኝና ቀለሙንና ብሩሹን ሰጠችኝ። ጻፍኩበት። የጋሽ ሜትር ድንጋይ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው፤ ድንጋዩ ማስረጃ ሆኖ እኛ ጋ ተቀምጧል። የእኔን እዚያ ላኖረው እጄን ዘረጋሁ።

«እዚያ አይደለም» አለች ቀና ሳትል። «ሰው አለበት።»

ወደ ጎን አስጠግቼ አስቀመጥኩት።